ማሪያን ሬየፍስኪ፤ ቁልፉን ከአጻጻፉ ያገኙት የሒሳብ ሊቅ

የምሥጢር ጽሕፈት ከጥንት ጀምሮ በሁለት ወገን የሚሠራ ሙያ ነው። አንደኛው ወገን መልእክቱን ይቆልፋል፤ ሁለተኛው ወገን የተቆለፈውን ለመክፈት ይጥራል። የኔዘርላንድ ተወላጅ የነበሩት ኦጉስት ኬርክሆፍስ በ1883 ባሳተሙት ጽሑፍ፥ የምሥጢር መጻፊያው ዘዴ በጠላት እጅ ቢወድቅ እንኳ ጉዳት እንዳይደርስ፥ የመልእክቱ ደኅንነት በቁልፉ ላይ ብቻ መመሥረት እንዳለበት አስተምረዋል። ይህ ትምህርት እስከ ዛሬ የሙያው ምሰሶ ሆኖ ይኖራል። ይሁን እንጂ ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣ ሌላ ጥያቄ አለ። ቁልፉ ራሱ በአንድ ዓይነት ሥርዓት ተጽፎ ከላኪው ወደ ተቀባዩ መድረስ አለበት። ቁልፉ የተሰወረ ሆኖ የአጻጻፉ ሥርዓት የሚናገር ከሆነስ? ፖላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ማሪያን ሬየፍስኪ ለዚህ ጥያቄ በ1932 የሰጡት መልስ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለተሠራው ታላቅ የምሥጢር ሥራ መሠረት ሆኗል። ስለሆነም የሕይወታቸው ታሪክ ለሙያው ሰዎች የሚነግረው ብዙ ነገር አለ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ማሪያን ሬየፍስኪ ኦገስት 16 ቀን 1905 ቢድጎሽች በተባለች ከተማ ተወለዱ። በዚያን ዘመን የፖላንድ ምድር በሦስት መንግሥታት ተከፋፍሎ ይገዛ ስለነበር፥ ከተማይቱ በጀርመን ግዛት ሥር ሆና ብሮምበርግ እየተባለች ትጠራ ነበር። አባታቸው የትምባሆ ነጋዴ ነበሩ። ልጁም በጀርመንኛ ቋንቋ በሚያስተምር ትምህርት ቤት ገብተው ተማሩ፤ ይህም የቋንቋ ዕውቀት ከጊዜ በኋላ ለአገራቸው ታላቅ ጥቅም የሰጠ ሆነ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፖላንድ ነጻነቷን መልሳ አገኘች። ሬየፍስኪም በ1923 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ፈጽመው በፖዝናን ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ማጥናት ጀመሩ።

አዲሲቱ ፖላንድ በሁለት ኃያላን ጎረቤቶች መካከል የምትኖር አገር ስለነበረች፥ የጎረቤቶቿን ሐሳብ አስቀድሞ ማወቅ የሕልውና ጉዳይ ሆኖባት ነበር። ስለዚህ የጦር ኃይሉ ጠቅላይ ኤታማዦር ሹም መሥሪያ ቤት የሌሎችን አገሮች የራዲዮ መልእክት የሚያዳምጥና የሚፈታ የምሥጢር ጽሕፈት ቢሮ አቋቁሞ ነበር። በ1920ዎቹ መጨረሻ ገደማ ግን ከጀርመን የሚመጣው መልእክት በባሕርዩ ተለወጠ። የቋንቋ ሊቃውንት በቃላት ልማድና በፊደላት ድግግሞሽ ሊፈቱት አልቻሉም፤ ምክንያቱም መልእክቱ በእጅ ሳይሆን በመኪና የተጻፈ ነበር። የቢሮው አለቆች ያን ጊዜ የወሰዱት ውሳኔ አስተዋይነት የታየበት ነው፤ የቋንቋ ሰው ያቃተውን የሒሳብ ሰው እንዲሞክረው ፈለጉ። በ1929 መጀመሪያ በፖዝናን ዩኒቨርሲቲ ጀርመንኛ የሚያውቁ የሒሳብ ተማሪዎችን መርጠው በምሥጢር አንድ ኮርስ ከፈቱ። ከተመረጡት ተማሪዎች መካከል ሬየፍስኪ፥ ዬርዢ ሩዢትስኪና ሄንሪክ ዚጋልስኪ ይገኙበት ነበር።

ሬየፍስኪ በዚያው ዓመት የዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን ፈጸሙ። ያን ጊዜ ሐሳባቸው የመድን ድርጅት የሒሳብ ባለሙያ ለመሆን ስለነበር፥ ወደ ጀርመን ተሻግረው በጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ የመድን ስታቲስቲክስ አንድ ዓመት ያህል አጠኑ። በ1930 ወደ ፖዝናን ተመልሰው በዩኒቨርሲቲው ረዳት አስተማሪ ሆኑ፤ በትርፍ ሰዓታቸውም የምሥጢር ጽሕፈት ቢሮው በዚያች ከተማ በከፈተው ቅርንጫፍ መሥራት ጀመሩ። ቅርንጫፉ ሲዘጋ፥ በሴፕቴምበር 1932 ሦስቱም ወጣቶች ወደ ዋርሶ ተዛውረው የቢሮው ቋሚ ሠራተኞች ሆኑ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሬየፍስኪ ለብቻቸው ተጠርተው፥ ከሁለቱ ጓደኞቻቸው እንኳ ተሰውረው የሚሠሩት ሥራ ተሰጣቸው። ይኸውም ኤኒግማ የተባለው የጀርመን መኪና ነበር።

ኤኒግማ ከውጭ ሲያዩት የጽሕፈት መኪና ይመስላል። ጸሐፊው አንዱን ፊደል ሲጫን የኤሌክትሪክ ኃይል በሽቦ መሰኪያ ሰሌዳ በኩል ይገባል፤ ሮተር በሚባሉ ሦስት ተሽከርካሪ ክቦች ውስጥ ያልፋል፤ መጨረሻ ላይ ካለው መላሽ ክብ ደርሶ በሌላ መንገድ ይመለሳል፤ ከዚያም ሌላ ፊደል የተጻፈበትን አምፖል ያበራል። በእያንዳንዱ ፊደል የቀኙ ሮተር አንድ እርምጃ ስለሚዞር፥ ያው ፊደል ሁለተኛ ጊዜ ቢጻፍ ያው መልስ ይመጣል ተብሎ አይጠበቅም። ሦስቱ ሮተሮች በ6 ዓይነት ቅደም ተከተል ሊቀመጡና በ17,576 ዓይነት መነሻ ሊቆሙ ይችላሉ። በዚያን ጊዜ ስድስት ጥንድ ፊደላትን ያገናኝ የነበረው የመሰኪያ ሰሌዳ ደግሞ ብቻውን ከ100 ቢሊዮን በላይ የሆኑ አማራጮች ነበሩት። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ሞክሮ ለመጨረስ የሰው ዕድሜ አይበቃም። ጀርመኖችም መኪናው አይደፈርም ብለው የተማመኑት በዚህ ብዛት ነበር።

ሬየፍስኪ ግን ብዛቱን ትተው የቁልፉን አጻጻፍ ተመለከቱ። የጀርመን ጦር ሠራዊት ደንብ እንደሚከተለው ነበር። ለሁሉም ጸሐፊዎች የሚያገለግል የዕለት ቁልፍ አለ። በዚህ ላይ እያንዳንዱ ጸሐፊ ለሚልከው መልእክት ራሱ የሚመርጠው ባለሦስት ፊደል ቁልፍ አለ። ጸሐፊው መኪናውን በዕለቱ ቁልፍ ካቆመ በኋላ ሦስቱን ፊደላት ሁለት ጊዜ ደጋግሞ ይጽፋል፤ የሚወጡት ስድስት የምሥጢር ፊደላት በመልእክቱ ራስጌ ይቀመጣሉ። መደጋገሙ የታዘዘው ለበጎ ነበር። በራዲዮ ሲተላለፍ አንዱ ፊደል ቢበላሽ ተቀባዩ ከሁለተኛው ጽሕፈት ያርመዋል ተብሎ ታስቦ ነው። ሆኖም ይህ ደንብ ማንም የውጭ ሰው ሊያውቀው የማይገባ አንድ ነገር ገለጠ። የራስጌው አንደኛና አራተኛ ፊደላት የአንድ ያልታወቀ ፊደል ሁለት መልኮች ናቸው። ሁለተኛውና አምስተኛው፥ ሦስተኛውና ስድስተኛውም እንደዚሁ ናቸው።

ሬየፍስኪ ከዚህ ተነሥተው የአንድ ቀን መልእክቶችን ራስጌ ሰብስበው ደረደሩ። በአንዱ መልእክት አንደኛው ፊደል ዲ፥ አራተኛው ቪ ቢሆን፥ ዲን ከቪ ጋር ያያይዛሉ። በሌላው ደግሞ ቪ ከፒ፥ በሦስተኛው ፒ ከኤፍ ጋር ይያያዛል። ሰንሰለቱ እንዲህ እየቀጠለ ሄዶ በመጨረሻ ወደ ተነሣበት ፊደል ይመለሳል፤ አንድ ዑደትም ይዘጋል። በቀን ስልሳ ያህል መልእክት ከተገኘ ሃያ ስድስቱም ፊደላት በዑደታቸው ይገባሉ። ሬየፍስኪ በፐርሙቴሽን ሒሳብ ሁለት ነገሮችን አረጋገጡ። አንደኛው፥ ዑደቶቹ ዘወትር እኩል ርዝመት ባላቸው ጥንዶች የሚገኙ መሆናቸው ነው። ሁለተኛው፥ የመሰኪያው ሰሌዳ በዑደቱ ውስጥ ያሉትን ፊደላት ይለዋውጥ እንጂ የዑደቱን ርዝመት ፈጽሞ ሊለውጥ አለመቻሉ ነው። በዚህ በሁለተኛው እውነት ያ ከ100 ቢሊዮን በላይ የሆነ ብዛት ከመንገድ ተወገደ። ከዚህም በላይ ጸሐፊዎቹ እንደ ሰው ልማድ ሦስት ጊዜ የተደጋገመ አንድ ፊደልን የመሰለ ቀላል ቁልፍ መምረጥ ይወዱ ስለነበር፥ የቀረውን ጥርጣሬ ለማጣራት ይህ ልማድ ረዳቸው።

ቀጥሎ የመጣው ሥራ የሮተሮቹን የውስጥ ሽቦ ማወቅ ነበር። ሬየፍስኪ መኪናውን በስድስት እኩልታዎች ገለጡት፤ ነገር ግን ያልታወቁት ነገሮች እጅግ ስለበዙ እኩልታዎቹ ብቻቸውን አልፈቱም። በዲሴምበር 1932 አለቆቻቸው የሁለት ወር የዕለት ቁልፎች የሰፈሩባቸው ሰነዶች ሰጧቸው። ሰነዶቹን ያቀበሉት የፈረንሳይ የስለላ መኮንን ጉስታቭ ቤርትራን ሲሆኑ፥ ከጀርመን ያወጣቸው ሐንስ ቲሎ ሽሚት የተባለ በገንዘብ የተገዛ የጀርመን መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበር። ሰነዶቹ የሴፕቴምበርና የኦክቶበር ስለነበሩና የሮተሮቹ ቅደም ተከተል ያን ጊዜ በየሦስት ወሩ ይለወጥ ስለነበር፥ በሁለቱ ወራት በቀኝ በኩል የተቀመጡት ሮተሮች የተለያዩ ሆኑ። ይህም ሁለቱን ለየብቻ ለመመርመር መልካም አጋጣሚ ሆነ።

ያም ሆኖ እኩልታዎቹ እንቢ አሉ። ሬየፍስኪ ፊደላቱ ከመጫኛው ወደ ሮተሮቹ የሚገቡት፥ ለገበያ ይቀርብ በነበረው ኤኒግማ እንደሚታየው፥ በመጫኛው ሰሌዳ ቅደም ተከተል ይሆናል ብለው ገምተው ነበር። ልብ ካላየ ዓይን አያይም እንደሚባለው፥ የጀርመን መሐንዲሶች ሥርዓት ወዳድነት ትዝ ሲላቸው ግምታቸውን ለውጠው ቅደም ተከተሉ ተራው የፊደል ገበታ ቢሆንስ ብለው ሞከሩ። የሮተሩ ሽቦ አሠራር ወዲያው ከወረቀቱ ላይ ወጣ። ይኸው ጥያቄ የእንግሊዙን ታላቅ የምሥጢር ፈቺ ዲሊ ኖክስን እስከ 1939 ድረስ አስቸግሮ ነበር። በጃንዋሪ 1933 የዋርሶው ቢሮ የጀርመንን መልእክት ማንበብ ጀመረ። ሬየፍስኪ ያን ጊዜ ገና 27 ዓመታቸው ነበር፤ የጦር ሠራዊቱን ኤኒግማም በዓይናቸው አይተው አያውቁም።

ከዚያ በኋላ የተከተሉት ስድስት ዓመታት የማያቋርጥ ሽቅድምድም ነበሩ። ሩዢትስኪና ዚጋልስኪም የሥራው ተካፋይ ሆኑ። ሬየፍስኪ ሳይክሎሜትር የተባለ መሣሪያ ነድፈው የ105,456 የሮተር አቋሞችን የዑደት ርዝመት በካርድ አስመዘገቡ። ይህ ሥራ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀ፤ ካለቀ በኋላ ግን የዕለቱን ቁልፍ በ20 ደቂቃ ገደማ ማግኘት ተቻለ። በኖቬምበር 1937 ጀርመኖች መላሹን ክብ ሲለውጡ ካርዱ ሁሉ ከንቱ ሆነና እንደገና ተሠራ። በሴፕቴምበር 1938 ደግሞ የቁልፉን አጻጻፍ ደንብ ለወጡ፤ የመነሻውን አቋም እያንዳንዱ ጸሐፊ ራሱ እንዲመርጥ አዘዙ። ሦስቱን ፊደላት መደጋገም ግን አልተዉም። ስለሆነም ሬየፍስኪ ቦምባ የተባለችውን፥ የስድስት ኤኒግማዎችን ሥራ ባንድነት የምትሠራ የኤሌክትሪክ መኪና ፈጠሩ። ዚጋልስኪም ቀዳዳ ያላቸውን የወረቀት ሰንጠረዦች አዘጋጁ። ከሦስት ወር በኋላ ጀርመኖች ሁለት ተጨማሪ ሮተሮችን ባመጡ ጊዜ የቅደም ተከተሉ አማራጭ ከ6 ወደ 60 ዐደገ። የሁለቱን ሮተሮች ሽቦ ማወቅ ቢቻልም፥ ለዕለት ተዕለቱ ሥራ የሚያስፈልገው መሣሪያና ሰው ከፖላንድ አቅም በላይ ሆነ።

ጦርነቱ ሊፈነዳ አምስት ሳምንት ያህል ሲቀረው፥ ጁላይ 25 እና 26 ቀን 1939፥ የፖላንድ ሹማምንት የእንግሊዝንና የፈረንሳይን ባለሙያዎች ከዋርሶ አጠገብ ፒሪ በተባለ ስፍራ ሰብስበው የሚያውቁትን ሁሉ አሳዩአቸው። ለእያንዳንዳቸውም በፖላንድ የተሠራ አንድ አንድ ኤኒግማ እንዲሰጣቸው ወሰኑ። የእንግሊዙ ብሌችሌይ ፓርክ፥ እነአለን ቱሪንግና ጎርደን ዌልችማን ጭምር፥ ሥራውን የጀመረው ከዚህ ስጦታ ተነሥቶ ነው። ዌልችማን በ1982 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ውለታ በግልጥ መስክረዋል። ጀርመኖች ቁልፉን መደጋገም የተዉት በሜይ 1940 ነበር። በዚያን ጊዜ ግን ቱሪንግ በድግግሞሹ ላይ የማይመካ ሌላ ዘዴ ቀይሰው ነበር።

ፖላንድ በተወረረች ጊዜ ሬየፍስኪ ባለቤታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ትተው ከቢሮው ሰዎች ጋር ወደ ሩማንያ፥ ከዚያም ወደ ፈረንሳይ ተሰደዱ። ፈረንሳይ ከወደቀች በኋላም በደቡቡ ክፍል በኡዜስ ከተማ አጠገብ ተሸሽገው ሥራቸውን ቀጠሉ። በጃንዋሪ 1942 ሩዢትስኪ የተሳፈሩባት መርከብ ሰጥማ ሞቱ። በኖቬምበር 1942 ጀርመኖች ደቡቡንም ሲይዙ ቡድኑ ተበተነ። ሬየፍስኪና ዚጋልስኪ በጃንዋሪ 1943 የፒሬኔን ተራራ በሌሊት ተሻገሩ። መሪ የሆናቸው ሰው በመንገድ ላይ መሣሪያ መዝዞ የያዙትን ገንዘብ ቀማቸው። እስፓኝ እንደገቡም ተይዘው ታሰሩ። እስከ ሜይ በእስር ቆይተው በፖርቱጋልና በጂብራልታር በኩል በኦገስት 1943 እንግሊዝ ደረሱ። እዚያም ኤኒግማን በመጀመሪያ የፈቱት ሰው ወደ ብሌችሌይ ፓርክ እንዲገቡ አልተፈቀደላቸውም፤ በፖላንድ ጦር ሥር ሆነው በእጅ የተጻፉ የጀርመን ምሥጢሮችን እንዲፈቱ ተመደቡ። ከቡድኑ መካከል በጀርመኖች እጅ የወደቁም ነበሩ። አለቆቻቸው ግዊዶ ላንገርና ማክሲሚልያን ቼንሽኪ ተይዘው ሲመረመሩ፥ ከጦርነቱ በፊት ጥቂት ፈትተን ነበር፥ በኋላ ግን አልቻልንም በማለት ምሥጢሩን አዳኑ። አንቶኒ ፓሉት ደግሞ በጀርመን እስር ቤት ሳሉ በ1944 ሞቱ።

በኖቬምበር 1946 ሬየፍስኪ ወደ ቤተሰባቸው ተመለሱ። በሚቀጥለው ዓመት የአሥራ አንድ ዓመት ልጃቸው በፖሊዮ በሽታ ሞተባቸው። የቀድሞ መምህራቸው የዩኒቨርሲቲ ሥራ እንዲይዙ ቢጋብዟቸውም፥ ከኀዘኑ በኋላ ከባለቤታቸውና ከሴት ልጃቸው ለመለየት ስላልፈለጉ በትውልድ ከተማቸው ቀሩ። በኬብል ፋብሪካ የሽያጭ ክፍል፥ በኋላም በሌሎች ድርጅቶች እየሠሩ ኖሩ። ከ1949 እስከ 1958 ድረስ የመንግሥት ፀጥታ ሠራተኞች በምዕራብ አገር ጦር ውስጥ ነበሩ ብለው ስለጠረጠሯቸው ደጋግመው መረመሯቸው። በጦርነቱ ጊዜ የሠሩትን ግን አልደረሱበትም። በ1967 ጡረታ ወጡ። በዚያው ዓመት የኤኒግማን ሥራ የሚገልጥ ማስታወሻ ጽፈው ለፖላንድ የጦር ታሪክ ተቋም አስረከቡ። ቤርትራን በ1973 መጽሐፋቸውን ባወጡ ጊዜ ምሥጢሩ በምዕራብ አገሮችም ተገለጠ። ከዚያ በኋላ ሬየፍስኪ በውጭ አገር ስለ ሥራው የሚነገረውን ስሕተት በሒሳብ ማስረጃ እያረሙ ጻፉ። ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1980 በ74 ዓመታቸው በዋርሶ ሞተው በፖቮንዝኪ የጦር ሠራዊት መካነ መቃብር ተቀበሩ። በ2000 የፖላንድ መንግሥት ለእርሳቸውና ለዚጋልስኪ ከፍተኛ ኒሻን ከሞቱ በኋላ ሰጠ።

የሬየፍስኪ ታሪክ ለኮምፒዩተር ባለሙያ የሩቅ ዘመን ወሬ ብቻ አይደለም። ዛሬም ቁልፍ የሚቀመጠውና የሚላከው በታወቀ የአጻጻፍ ሥርዓት ነው። በሲ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ እንደ ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል ያለ ላይብረሪ የቁልፍ ፋይል ሲያነብ በመጀመሪያ የፋይሉን ዓይነት የሚናገረውን የራስጌ መስመር ያያል። ከዚያም በ64 ዓይነት ምልክት የተጻፈውን ወደ ባይት ይመልሳል። ከሥሩም ዲ ኢ አር በተባለው ሥርዓት የተደረደሩ ክፍሎችን ያገኛል፤ እያንዳንዱ ክፍል በቅድሚያ ዓይነቱን፥ ቀጥሎ ርዝመቱን፥ በመጨረሻም ይዘቱን ይሰጣል። በጥንቱ የአር ኤስ ኤ የግል ቁልፍ ሥርዓት ዘጠኝ ቁጥሮች በዚህ መልክ ተከታትለው ይቀመጣሉ። ፕሮግራሙን የሚጽፈው ሰው የተነገረው ርዝመት በእጁ ካለው ባይት እንዳይበልጥ በየእርምጃው ካልመረመረ፥ በሲ ቋንቋ የማስታወሻው ድንበር ተጥሶ የሌላው ምሥጢር ይነበባል።

ሌላው አደጋ ግን ከሬየፍስኪ ሥራ ጋር ይበልጥ ይመሳሰላል። በ1998 ዳንኤል ብላይከንባኸር የተባሉት የስዊስ ተወላጅ፥ በአር ኤስ ኤ ተቆልፎ የሚላክ የግንኙነት ቁልፍ ዜሮና ሁለት ከሆኑ ባይቶች እንዲጀምር የታዘዘ መሆኑን መሣሪያ አድርገው ወሰዱ። ተቀባዩ ኮምፒዩተር የሥርዓቱን መሟላት ወይም አለመሟላት በመልሱ የሚያሳውቅ ከሆነ፥ እስከ ሚሊዮን የሚደርሱ የተለዋወጡ ጥያቄዎችን በመላክ የተሰወረውን ቁልፍ ማግኘት እንደሚቻል አሳዩ። የአር ኤስ ኤ ሒሳብ አልተሰበረም፤ የተናገረው የአጻጻፉ ሥርዓት ነው። በ1932ም የኤኒግማ ብዙ ቢሊዮን አማራጮች አልተቆጠሩም፤ የተናገረው የሦስት ፊደላት መደጋገም ነው። በሁለቱም ጊዜ ደንቡን ያወጡት ሰዎች የሥራውን መቃናት አስበው ነበር።

እንግዲህ የቁልፍን አጻጻፍ የሚወስንም ሆነ የሚያነብ ባለሙያ ቁልፉ ረጅም ነው ብሎ መዝናናት አይገባውም። ሥርዓቱ ለማያውቀው ሰው ምን ይነግረዋል ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ፥ የማይታመን ርዝመትን መመርመር፥ ስሕተት ሲገኝ መልሱ ምክንያቱን እንዳይገልጥ ማድረግ የዕለት ግዴታው ነው። ማሪያን ሬየፍስኪ ይህን ከተቃራኒው ወገን ቆመው፥ በእርሳስና በወረቀት አስተምረዋል። ራሳቸው ደግሞ አደራ የተሰጣቸውን ምሥጢር በስደት፥ በእስርና በምርመራ ሳይገልጡ ከሠላሳ ዓመት በላይ ጠብቀው ኖረዋል።